ከአሥር ቱዱ ሊስት አንድ እቁብ

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፦ ችሎታ፣ ዝንባሌ፣ ፕሮጀክት። ችሎታ በሚለው ሥር ፓይተን፣ ጃቫ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ሪአክት ይደረደራሉ። ዝንባሌ በሚለው ሥር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይገባል። ፕሮጀክት በሚለው ሥር ካልኩሌተር፣ ቱዱ ሊስት (የሚሠሩ ነገሮችን የሚመዘግብ አፕ)፣ የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ገጽና የአንድ ታዋቂ ድረ ገጽ ግልባጭ ይከተላሉ። ይህን ገጽ አራት ኪሎ ያለ ተማሪም ማኒላ ያለ ተማሪም እኩል ሊጽፈው ይችላል። ተማሪው ምን ችግር አይቶ ምን እንደወሰነ የሚናገር አንድም መስመር የለበትም። ቀጣሪ የሚፈልገው ግን ያንን መስመር ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። አሥር የተጀመሩ ፕሮጀክቶችን ከመደርደር፣ አጠገባችን ያለ ሰው የሚጠቀምበትን አንድ ሥራ እስከ ጥግ መሥራት ይሻላል። እስከ ጥግ ስል ቀኑ በእኛ አቆጣጠር እስኪስተካከል፣ ስም በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ተፈልጎ እስኪገኝ፣ ሳንቲሙ እስኪገጥም፣ ኔትወርክ ሲቋረጥም ሒሳቡ እስከማይዛባ ድረስ ማለቴ ነው። ለዚህ ከሁሉ የምመርጠው ርዕስ እቁብ ነው።

እቁብን ማስረዳት አያስፈልግም። የፒያሳ ባለሱቅ፣ የታክሲ ሹፌር፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የግቢው የካፍቴሪያ አስተናጋጅ ያውቀዋል። ሁሉም እኩል ይጥላል፣ በየዙሩ አንድ ሰው በዕጣ ሙሉውን ይወስዳል፣ ሁሉም እስኪደርሰው ይቀጥላል። 12 ሰው በወር 2,000 ብር ቢጥል ዕጣ የወጣለት 24,000 ብር ይወስዳል። ሒሳቡን ልጅም ይሠራዋል። ኮድ ለማድረግ ሲቀመጡ ግን ከዳታቤዝም፣ ከዳታ ስትራክቸርም፣ ከሴኩሪቲም ሳይነካ የሚቀር ትምህርት የለም ማለት ይቻላል። ይህን ያህል ነገር በዚህ ያህል ትንሽ ደንብ ውስጥ የያዘ ሌላ ርዕስ ማግኘት ይከብዳል።

ኮድ ከመጻፍ በፊት የእቁብ ጸሐፊ ደብተር ማየት ያስፈልጋል። ጸሐፊውን ወይም ዳኛውን ቡና ጋብዞ፣ ደብተሩን አስገልጦ መጠየቅ ነው። «ምን ዓይነት አፕ ይፈልጋሉ?» የሚለው ጥያቄ አይጠቅምም፤ መልሱ «ጥሩ ከሆነ ምን ከፋኝ» ነው። የሚጠቅሙት እንዲህ ያሉት ናቸው፦ አንድ ሰው ሳይከፍል ቢቀር ምን ያደርጋሉ? ዕጣው የወጣለት ሰው ለሌላ መሸጥ ይችላል? ሁለት ሰው አንድ ዕጣ በጋራ ሲገባ ስማቸውን የት ይጽፉታል? አባል ቢሞት ቀሪው እንዴት ይሆናል? ዋስ የሚጠሩት መቼ ነው? የአባላቱን ስምና ስልክ ፎቶ ማንሳት ግን ነውር ነው፤ የዓምዶቹን ርዕስ መገልበጥ ይበቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ከነውርም ያልፋል። ኮድ ለሕዝብ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ የሚወጣው የሙከራ መረጃ ሁሉ በፈጠራ ስም የተሞላ ይሁን።

ከደብተሩ የሚገኘው የመጀመሪያው ቁም ነገር አባልና ዕጣ አንድ አለመሆናቸው ነው። ጀማሪ «አባል» የሚል ቴብል (የዳታቤዝ ሠንጠረዥ) ይከፍትና የሚጥለውን ብርም የወጣለትን ዙርም እዚያው ላይ ይጽፋል። ሁለት ዕጣ የያዘ ነጋዴ ሲመጣ ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ ለመመዝገብ ይገደዳል፤ ግማሽ ግማሽ የሚጥሉ ጓደኛሞች ሲመጡ ደግሞ መግቢያ ይጠፋል። ትክክለኛው አሠራር ለአባል አንድ ቴብል፣ ለዕጣ ሌላ፣ በሁለቱ መካከል ድርሻን የሚይዝ ሦስተኛ ቴብል ማቆም ነው። ድርሻው በመቶኛ ሳይሆን በገንዘብ ይቀመጥ። 2,000 ብር ለሦስት ሰው ተከፍሎ እያንዳንዱ 666.67 ቢጥል ድምሩ 2,000.01 ይሆናል፤ ያቺ አንድ ሳንቲም በየዙሩ እየተጠራቀመች ጸሐፊውን ታስጨንቃለች። ስለዚህ ገንዘብ ሁሉ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይያዝ። 200,000 ሳንቲም ለሦስት ሲካፈል 66,667፣ 66,667 እና 66,666 ይሆናል፤ ትርፏን ማን እንደሚሸከም ኮዱ በግልጽ ይወስናል። ፍሎት የሚባለው የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት ለገንዘብ አይሆንም። 0.1 እና 0.2 ደምሮ 0.30000000000000004 በሚሰጥ የቁጥር ዓይነት የሰው አደራ አይያዝም።

«ቀሪ ሒሳብ» የሚል ዓምድም አታስገቡ። እያንዳንዱ ክፍያ አንድ መስመር ሆኖ ይገባል፤ ቀሪው በተፈለገ ጊዜ ከመስመሮቹ ድምር ይሰላል። የተሳሳተ መስመር አይጠፋም፣ አይደለዝም፤ በተቃራኒ መስመር ይሻራል፣ የሻረው ሰውና ምክንያቱ አብረው ይጻፋሉ። ጥሩ ጸሐፊ በደብተሩም ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ስህተቱን በአንድ መስመር ሰርዞ ጎኑ ላይ ይፈርማል እንጂ ገጹን አይቀድም። ቀሪ ሒሳቡን ለብቻው ካስቀመጥን ግን አንድ ቀን ከክፍያዎቹ ድምር ጋር ይለያያል፤ ያን ጊዜ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

ዳታቤዙ ራሱ እንዲጠብቀን ማድረግም ያስፈልጋል። ሁለት የዩኒክ ገደቦች (አንድ ነገር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክሉ ደንቦች) ይግቡ፦ አንድ ዙር ከአንድ በላይ ባለዕጣ እንዳይኖረው፣ አንድ ዕጣም በአንድ እቁብ ሁለት ጊዜ እንዳይወጣ። ሰብሳቢውና ጸሐፊው በሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ «ዕጣ አውጣ» ቢጫኑ፣ ኮዱ ለሁለቱም «ይህ ዙር ገና ነው» ብሎ ሊያሳልፋቸው ይችላል፤ ሁለቱም ሲያዩ ቴብሉ ባዶ ነበርና። ገደቡ ካለ ግን ሁለተኛው ይመለሳል። ይህን ስህተት ሆን ብሎ ፈጥሮ፣ ገደቡ ሲይዘው የሚያሳይ ቴስት መጻፍ የሚችል ተማሪ ስለ ትራንዛክሽን ምዕራፍ ሙሉ ከሸመደደው ይበልጥ ያውቃል።

ወደ ዋስ እንምጣ። በመጀመሪያው ዙር ዕጣ የወጣለት ሰው 24,000 ብር ወስዷል፤ የጣለው 2,000 ብቻ ነው። 22,000 ብር ይቀርበታል፤ ዋስ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። አሁን አንደኛው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው መልሶ ለአንደኛው ዋስ ቢሆኑስ? በደብተሩ ላይ ሦስቱም ዋስ አላቸው፤ ሦስቱ አብረው ቢጠፉ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም። ይህ በግራፍ፣ ማለትም በነጥቦችና በሚያገናኟቸው መስመሮች ውስጥ ዑደት መፈለግ ነው። አዲስ ዋስትና ሲመዘገብ ከዋሱ ተነስቶ የእሱን ዋስ፣ ከዚያም የዚያን ዋስ እየተከተሉ መሄድ ነው፤ መንገዱ ወደ ባለዕዳው ከተመለሰ ምዝገባው ይከለከላል። ለአንድ ሰው አንድ ዋስ ብቻ ከሆነ ተራ ሉፕ ይበቃል። ሁለትና ሦስት ዋስ ከተፈቀደ ዲኤፍኤስ (እያንዳንዱን መንገድ እስከ ጥግ እየተከተለ የሚፈትሽ ዘዴ) ያስፈልጋል፤ የታለፈባቸውን ሰዎች ምልክት ማድረግ ከተረሳና ከድሮ የገባ ዑደት ካለ ፕሮግራሙ ሲዞር ይውላል። አምስት ኪሎ ላይ ኤ ቱ ኤስ ቪ ከሚባለው የተማሪዎች ኮዲንግ ማሠልጠኛ ጋር ሆነው የግራፍ ጥያቄ ሲፈቱ የሚከርሙ ተማሪዎች አሉ፤ የልምምዱ ፍሬ ከኢንተርቪው ውጭም የሚታየው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ደብተር ይህን ዑደት አይቶ አይናገርም፤ አፕ ግን መናገር ይችላል። አፑ ከደብተሩ የሚሻልበት አንዱ ቁልፍ ነገር ይኸው ነው።

ብዙ ፕሮጀክት የሚሰናከለው ግን ቀን ላይ ነው። ወርሃዊ እቁብ የሚጣለው በእኛ ወር ነው፤ ዳታቤዙ የሚያውቀው ጎርጎርዮሳዊውን ነው። «ሐምሌ 30» ብሎ በጽሑፍ ማስቀመጥ ለመደርደርም ለማነጻጸርም አይመችም። ዳታቤዙ ውስጥ ተራ ዴት ይቀመጥ፤ ለሰው ሲታይና ከሰው ሲገባ ብቻ ይቀየር። ለመቀየር መሸጋገሪያ የሚሆነው የጁሊያን ቀን ቁጥር ነው፤ ቀኖችን ያለ ወርና ያለ ዓመት በተከታታይ የሚቆጥር ቁጥር ነው። ከእኛ አቆጣጠር ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ከዓመቱ 1 ይቀነስና በ365 ይባዛል። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ሙሉው ክፍል ይደመራል። ከወሩ 1 ተቀንሶ በ30 ይባዛል፤ ከቀኑም 1 ተቀንሶ ይደመራል። መጨረሻ ላይ 1,724,221 ይጨመራል።

መስከረም 1 ቀን 2000ን እንሞክረው። 1,999 በ365 ሲባዛ 729,635 ነው። 2000 ለ4 ሲካፈል 500። ወሩና ቀኑ ዜሮ ይሰጣሉ። 1,724,221 ሲጨመር 2,454,356 ይመጣል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ያንኑ ቁጥር ለ7 ብናካፍል 2 ይተርፋል፤ 0 ሰኞ ስለሆነ 2 ረቡዕ ነው፤ ሚሌኒየሙ የተከበረውም ረቡዕ ነበር። በአንድ ቁጥር ቀኑንም ዕለቱንም አገኘን ማለት ነው።

ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ 2011፣ 2015፣ 2019። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ወይም «ስምንት ዓመት ቀንስ» ብሎ የተጻፈ ኮድ የሚወድቀው እዚህ ነው። ቴስት ውስጥ እነዚህ አራት ቀኖች ይኑሩ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው፤ የ2017 ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ነው። ኮዱን የኤአይ ረዳት ቢጽፍላችሁም እነዚህን ቴስቶች ራሳችሁ ጻፏቸው። የሚያሳምን መልክ ያለው ነገር ግን አንድ ቀን የሚስት ኮድ ማግኘት በጣም ቀላል ነው፤ በዓይን ብቻም አይለይም።

ለማሳየት ብቻ ከሆነ ጃቫስክሪፕት የራሱ መሣሪያ አለው፤ ኢንትል የሚባለው ክፍል «ኢትዮፒክ» የሚል ካሌንደር ይቀበላል። ከጎኑ ያለው ሌላኛው በዓመተ ዓለም ስለሚቆጥር 2017ን 7517 አድርጎ ያሳያል፤ ዓመቱ 7 ሺህ ገብቶ ካያችሁት ምክንያቱ ይህ ነው።

ካሌንደሩ ትክክል ሆኖም የእቁቡ ደንብ ይቀራል። ጳጉሜን ለወርሃዊ እቁብ ወር አይደለችም፤ ከነሐሴ ቀጥሎ የሚመጣው ዙር መስከረም ነው። «የሚቀጥለው ወር» የሚለውን በቁጥር 1 እየደመረ የሚሄድ ኮድ ግን 13ኛ ዙር ፈጥሮ ሰውን በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ክፈል ይላል። ሳምንታዊ እቁብ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቅዳሜ ጳጉሜን ውስጥ ብትውልም ቅዳሜ ናት። ስለዚህ ወርሃዊው በእኛ ወር፣ ሳምንታዊው በጁሊያን ቁጥር ላይ 7 እየተደመረ ይሰላ። ሁለቱን በአንድ ፈንክሽን ለመያዝ መሞከር ኮዱን ያወሳስባል እንጂ አያሳጥርም።

ሰዓትም የራሱ ጣጣ አለው። ጸሐፊው «ማታ 3 ሰዓት» ሲል 21፡00 ማለቱ ነው፤ ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ብቻ አይበቃም፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለው ቃል አብሮ መምረጫው ላይ መኖር አለበት። ከዚህ የከፋው የሰርቨሩ ሰዓት ነው። ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይሠራሉ፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ የማድረግ ልማድም የለንም። ሐምሌ 30 አልፎ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተከፈለ ክፍያ በሰርቨሩ አቆጣጠር ገና የሐምሌ 30 ምሽት 22፡00 ነው። የዘገየው ሰው በጊዜ ከፈለ ይባላል፣ ቅጣቱም ይቀራል። ጊዜው በዩቲሲ ይቀመጥ፤ «ይህ ክፍያ የየትኛው ቀን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ በአዲስ አበባ ሰዓት ይመለስ።

ስም ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። መጀመሪያ «የአባት ስም» እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከውጭ የተቀዳው ቅጽ አባትን እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ በእሱ ሲደረድር የአንድ እቁብ ወንድማማቾች ተከታትለው ይገቡና ጸሐፊው የሚፈልገውን ሰው አያገኝም። በራስ ስም ይደርደር።

ቀጥሎ ፊደሉ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር አራት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ጸሐፊው በ«ሀ» ፈልጎ ሲያጣው እንደ አዲስ ይመዘግበዋል፤ ከዚያ አንድ ሰው ሁለት ዕዳ ይኖረዋል። የዩኒኮድ አሠራር እዚህ ላይ ያግዘናል። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የገባው የፊደል ገበታችን እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶት በተርታ የተቀመጠ ነው። ሀ 4608 ነው፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ስለዚህ ከሐ ቤት ፊደል ላይ 16፣ ከኀ ቤት ፊደል ላይ 128 ቢቀነስ ሰባቱም ዘር ወደ ሀ ቤት ይመጣሉ። ሠ ላይ 16 ሲደመር ሰ ይሆናል፤ ከዐ 48 ሲቀነስ አ፤ ከፀ 8 ሲቀነስ ጸ። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማምጣት ነው፤ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነውና። ኃይሉን እንይ፦ ኃ 4739 ነው፤ 128 ሲቀነስ 4611፣ ማለትም ሃ፤ ከዚያ ሀ። አራቱም አጻጻፎች «ሀይሉ» ላይ ይገናኛሉ።

ይህ የተቃና ስም ግን ለመፈለጊያ ብቻ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ፣ ፍለጋን የሚያፋጥነው ኢንዴክስም በእሱ ላይ ይሁን። የሚታየው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ፤ የሰውን ስም ማረም የአፕ ሥራ አይደለም። እግረ መንገድ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ አራት ነጥብ የሚመስልበት ጽሑፍ ብዙ ነው፤ 4961 ሁለቴ ሲመጣ ወደ 4962 ይቀየር።

ስልክም እንዲሁ መልክ ይያዝ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች አሉ፤ 09 ብቻ የሚቀበል ቅጽ ዛሬም ብዙ ቦታ ላይ ይታያል። ሰው 09፣ 9፣ 251 ወይም ፕላስ 251 ብሎ ሊያስገባ ይችላል፤ ሁሉም በ251 ወደሚጀምር አንድ መልክ መጥቶ ይቀመጥ። ማስታወሻ በኤስኤምኤስ ከተላከ ደግሞ በፊደላችን አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ቁምፊ ነው፣ በላቲን 160። «የሐምሌ እቁብዎ 2,000 ብር እስከ ሐምሌ 30 ይክፈሉ። ሰብሳቢ» የሚለው ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 40 ነው፤ ይገባል። 71ኛዋ ቁምፊ ከተጨመረች ግን መልእክቱ ሁለት ሆኖ ይሄዳል፣ ዋጋውም እጥፍ ይሆናል።

ለተማሪ ከአንድሮይድ አፕ ይልቅ የቴሌግራም ቦት (እዚያው ቴሌግራም ውስጥ መልእክት ተቀብሎ የሚመልስ ፕሮግራም) የሚሻል ይመስለኛል። ፕሌይ ስቶር ላይ ለመክፈት 25 ዶላር በውጭ ምንዛሪ ካርድ መክፈል ይጠይቃል፤ ቦት በነፃ ነው፣ አባላቱም ቴሌግራሙን አስቀድመው ጭነውታል። ከዚያም በላይ ቦቱ መልእክት በሎንግ ፖሊንግ፣ ማለትም ራሱ ቴሌግራምን እየጠየቀ የሚቀበል ከሆነ ሰርቨር መከራየት ሳያስፈልግ ከላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ መሞከር ይቻላል። ኔትወርክ ቢቋረጥ ቴሌግራም ያልደረሱትን መልእክቶች እስከ 24 ሰዓት ያቆያቸዋል። የሚረሳው ነገር ኦፍሴቱ፣ ከየትኛው መልእክት ጀምሮ እንደሚፈለግ ለቴሌግራም የሚናገረው ቁጥር ነው፤ የመጨረሻው አፕዴት ቁጥር ላይ 1 ደምሮ ካልተላከ ያው መልእክት ደግሞ ደጋግሞ ይመጣል። ሌላው ወጥመድ በተን ላይ የሚታሰረው መረጃ ነው። ገደቡ 64 ባይት ነው፤ አንድ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚወስድ 21 ፊደል ላይ ይሞላል። የአባሉን ስም ከነአባቱ እዚያ ያስገባ ቦት በአጭር ስም ይሠራል፣ በረጅም ስም ይወድቃል፣ ምክንያቱም ለጀማሪ አይታየውም። እዚያ የሚገባው ስም ሳይሆን የአባሉ መለያ ቁጥር ነው።

አሁን ዕጣው። ሰው እቁብ የሚጥለው ዕጣው እውነት ነው ብሎ ስለሚያምን ነው፤ ወረቀቶቹ ሲጠቀለሉና ሲወጡ ሁሉም ያያል። ፕሮግራም ግን በሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳደረገ አይታይም፤ እምነቱን በሌላ መንገድ መመለስ የፕሮጀክቱ ከባዱና የምወደው ክፍል ነው። መጀመሪያ የቁጥሩ ምንጭ። በፓይተን ራንደም የሚባለው ለጨዋታ ነው፤ ለዚህ ሲክሬትስ የሚባለው ይያዝ። ቀጥሎ አድልዎ። አንድ ባይት ወስዶ ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን 256 ለ12 ሲካፈል 4 ይተርፋል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አራት ዕጣዎች ከ256 ዕድል 22፣ የቀሩት 21 ያገኛሉ። መድኃኒቱ 252ና ከዚያ በላይ የሆነ ባይት ከመጣ ጥሎ ሌላ ማውጣት ነው።

ሦስተኛው ማሳያው ነው። ሰብሳቢው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት አንድ ምስጢር ይመርጥና የኤስኤችኤ 256 ሃሹን (ከምስጢሩ የሚሰላ፣ ምስጢሩን ግን የማያሳይ አሻራ) ለቡድኑ ይልካል። ከዚያ አባላት የመሰላቸውን ቁጥር ይሰጣሉ። ምስጢሩና ቁጥሮቹ ተገጥመው እንደገና ሃሽ ይደረጋሉ፤ ውጤቱ ላልወጡት ዕጣዎች ብዛት ተካፍሎ ቀሪው ባለዕጣውን ይነግራል። ምስጢሩ በኋላ ይገለጣል፣ ማንም ሰው በስልኩ አስልቶ ያረጋግጣል። የአባላቱ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ሰብሳቢው ወዳጁን የሚያወጣ ምስጢር እስኪያገኝ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሺህ ጊዜ ይሞክር ነበር፤ ሃሹ ብቻውን ከዚህ አያድንም። አንድ ቀዳዳ አሁንም ይቀራል፦ ሰብሳቢውና መጨረሻ ላይ ቁጥር የሚሰጠው አባል ከተመካከሩ፣ የሌሎቹን ቁጥር አይተው የራሳቸውን ማስተካከል ይችላሉ። ስለዚህ ቁጥሮቹ በወረቀት ተጽፈው ባንድ ላይ ይገለጡ። ይህን ቀዳዳ በሰነዱ ውስጥ ገልጦ የጻፈ ተማሪ፣ «ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ» ብሎ ከጻፈው ይልቅ ይታመናል።

ክፍያን በተመለከተ ጽኑ አቋም አለኝ፦ የተማሪ አፕ የሰው ገንዘብ አይያዝ፣ ይመዝግብ ብቻ። የሕዝብን ገንዘብ ሰብስቦ ለማዘዋወር የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋል። አባላቱ በቴሌብር ወይም በባንክ ለሰብሳቢው ይላኩ፤ አፑ የግብይት ቁጥሩን ይያዝ፣ በእሱም ላይ ዩኒክ ገደብ ይኑር፤ አንድ ደረሰኝ ለሁለት ሰው እንዳይቀርብ። የክፍያ ኤፒአይ (ሁለት ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት መንገድ) መማር የፈለገ ቻፓ በሚባለው የክፍያ አገልግሎት የሙከራ ቁልፍ መለማመድ ይችላል። እዚያ የሚታወቀው ስህተት ደንበኛው ከክፍያ በኋላ የሚመለስበት ገጽ ስለተከፈተ ብቻ «ተከፍሏል» ማለት ነው፤ ያን ገጽ ማንም አድራሻውን ጽፎ ይከፍተዋል። ክፍያው መፈጸሙ ከራሳችን ሰርቨር ተጠይቆ፣ የብሩ መጠንም ተመሳክሮ መረጋገጥ አለበት።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ያው ጣጣ በሌላ መልክ ይመጣል። ጸሐፊው «መዝግብ» ይጫናል፤ መልሱ ሳይመጣ መስመሩ ይቋረጣል፤ ደግሞ ይጫናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰርቨሩ ጋር ደርሶ ከነበረ 2,000 ብር ሁለት ጊዜ ገባ። መፍትሔው መለያ ቁጥሩን ሰርቨሩ ሳይሆን ስልኩ፣ ከመላኩ በፊት እንዲያወጣው ማድረግ ነው። ደጋግሞ ቢላክ መለያው ያው ስለሆነ ዳታቤዙ አንዱን ብቻ ይቀበላል፤ ሰርቨሩም ለሁለተኛው ስህተት ሳይሆን የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። ስህተት ከመለሰ ጸሐፊው አልተመዘገበም ብሎ በአዲስ ቅጽ ይሞላዋል።

መልኩን በተመለከተ ብዙ አልልም። ትልልቅ ፊደል፣ ጥቂት በተን፣ ያልከፈሉት ከላይ።

የኮዱን ለውጥ ሁሉ በሚመዘግበው መሣሪያ፣ ጊት ላይ ግን አልቸኩልም፤ የተማሪን ችሎታ የሚያይ ሰው አስቀድሞ የሚከፍተው ታሪኩን ነው። «ሁሉም አለቀ» የሚል አንድ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ካለው ይልቅ፣ «ጳጉሜን ወርሃዊ ዙር እንዳትፈጥር ተከልክሏል» እንደሚለው ያሉ ሃያ ትንንሽ ኮሚቶች ያሉት ሪፖ (የፕሮጀክት ማኅደር) ብዙ ይናገራል። የቦቱ ቶክን (ምስጢራዊ መግቢያው) እና የክፍያ ቁልፉ ኮድ ውስጥ አይግቡ። አንዴ ከገቡ በሚቀጥለው ኮሚት ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ ታሪኩ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ስለዚህ ቁልፉን ማምከንና አዲስ ማውጣት ብቻ ነው መፍትሔው። ትልቅ ሪፖ በደካማ መስመር ሲወርድ መሃል ላይ ከተቋረጠ ጊት ከዜሮ ይጀምራል፤ በጥልቀት 1 ብቻ አውርዶ ቀሪውን ታሪክ በኋላ መጨመር ይቻላል። የፓይተን ላይብረሪዎችንም ፈጣን መስመር ባለበት ቦታ በፒፕ ወደ አንድ ፎልደር አውርዶ፣ ቤት ሲገቡ ከዚያው ፎልደር ያለ ኢንተርኔት መጫን ይቻላል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ እሱ ማወቅን ይለካል፣ ይህ ደግሞ መሥራትን። ችሎታ በሚለው ሥር አሥር የቋንቋ ስም ከመደርደር «ፖስትግሬስ፦ በአንድ ዙር ሁለት ባለዕጣ እንዳይገባ በገደብ ከልክያለሁ፣ ቴስቱ እዚህ ነው» ብሎ ሊንኩን ማስቀመጥ ይቻላል። ዝንባሌ በሚለው ሥር ደግሞ ዕጣ አወጣጡን የሚያስረዳው ገጽ ይግባ። ፕሮጀክቱን የሚያስረዳው የሪድሚ ፋይል በአማርኛም ይጻፍ፤ አንዱ አንባቢ ጸሐፊው ነውና። አጫጫኑ በሦስት ትዕዛዝ ይለቅ፤ ከማውጣታችሁ በፊትም በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ፣ በባዶ ፎልደር፣ ምንም ሳትናገሩ እሱ ራሱ ያንብበውና ያስነሳው። የሚቆምባት መስመር ከሪድሚው የጎደለችው መስመር ናት።